በፋይበር ሌዘር ላሜራ አቆራረጥ፦ ከሥዕሉ እስከ ጠርዙ

ፋይበር ሌዘር (በብርጭቆ ክር ውስጥ በሚፈጠር ጨረር ብረት የሚቆርጥ ማሽን) ያለበት ወርክሾፕ የገባ እንግዳ መጀመሪያ የሚገርመው ፍጥነቱ ነው። ብልጭ ይላል፣ ፍንጣሪ ይረጫል፣ አለቀ። «ማሽኑ ሁሉንም ይሠራዋል ማለት ነው» ብሎ ይወጣል። ማሽኑ ግን የሚያውቀው የተሰጠውን መስመር መከተል ነው። ጠርዙ እንዲለሰልስ፣ ቀዳዳው እንዲከብ፣ ልኩ እንዳይዛነፍ የሚያደርጉት ጋዙ፣ ፎከሱ (ጨረሩ ከሁሉ የሚጠብበት ነጥብ)፣ ኖዝሉ (ጨረሩና ጋዙ የሚወጡበት አፍ) እና ሥዕሉ ናቸው። ቁርጡ ሲበላሽ የብዙ ኦፕሬተር እጅ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ፓወሩ (የጨረሩ ኃይል) ነው። በእኔ እምነት ፓወር መጨረሻ ላይ ነው መነካት ያለበት። ከዚያ በፊት መታየት ያለባቸው ነገሮች አሉ፤ አብዛኞቹም የተቆረጠው ጠርዝ ላይ ይነበባሉ።

ነገሩ በወሬ እንዳይቀር አንድ ሥራ ይዘን እንሂድ። የደረጃ ሃንድሬል እግር ላይ የሚበየድ ፕሌት ታዟል እንበል። 120 በ120 ሚሊ፣ ውፍረቱ 6 ሚሊ፣ ጥቁር ላሜራ። ማዕዘኖቹ አካባቢ ለኤም 12 ቡሎን አራት ቀዳዳ አለው። ብዛቱ 60። ማሽናችን 3 ኪሎዋት ፋይበር ነው። ቀላል ሥራ ነው። ቀላል ሥራ ላይ የሚታይ ስህተት ደግሞ ከባዱ ላይ እጥፍ ሆኖ ይመጣል።

ማሽኑ ከመነሳቱ በፊት

የፋይበር ሌዘር ጨረር የሞገድ ርዝመቱ 1.07 ማይክሮን አካባቢ ነው። ዓይን አያየውም። ከላሜራ ላይ ነጥሮ የመጣው እንኳ ሬቲናን ሊያቃጥል ይችላል። የብየዳ መነጽር ወይም ጥቁር የፀሐይ መነጽር ለዚህ አይሆንም። መነጽሩ ላይ ለዚህ የሞገድ ርዝመት የተሠራ መሆኑ መጻፍ አለበት። ማሽኑ ዝግ ካቢን ካለው በሩን ዘግታችሁ ሥሩ። የበሩን ሴንሰር «ሥራ ያዘገያል» ብሎ በሽቦ ማሰር አንዳንድ ቦታ ይታያል። ያ ሰው ዓይኑን በቁማር እያስያዘ ነው።

ጭሱም ቀላል አይደለም። ጋልቫናይዝድ ሲቆረጥ ዚንኩ ይተናል፤ የተነፈሰው ሰው ማታ እንደ ወባ ሊያንቀጠቅጠው ይችላል። የስቴንለስ ጭስ ውስጥ ደግሞ ለካንሰር የሚያጋልጥ የክሮሚየም ዓይነት አለ። ስለዚህ ጭስ መሳቢያው ሳይነሳ ቁርጥ አይጀመርም። ከአሉሚኒየም የሚወጣው ብናኝ ሊፈነዳ ስለሚችል ከብረቱ ብናኝ ጋር አንድ ማጠራቀሚያ ውስጥ አይከማች።

ሲሊንደሮቹንም ልብ በሉ። የኦክስጅን ሬጉሌተር፣ ቱቦና መጋጠሚያ ዘይትና ግሪስ አይነካቸው። በግሪስ በተለወሰ እጅ ቫልቭ መክፈት እሳት መጥራት ነው። ናይትሮጅን ደግሞ ሽታ የለውም፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ካፈተለከ ኦክስጅኑን ገፍቶ ሰውን ያለ ማስጠንቀቂያ ይጥላል። መስኮት ይከፈት።

መሬት የገባ ጥሩ ኤርዝም ግድ ነው። ለደኅንነት ብቻ እንዳይመስላችሁ። የመቁረጫው ጭንቅላት ከላሜራው ያለውን ርቀት የሚለካው በኤሌክትሪክ ካፓሲታንስ ነው። ኤርዙ ደካማ ሲሆን ጭንቅላቱ ያለ ምክንያት ከፍ ዝቅ ይላል። መብራት ከፍ ዝቅ በሚልበት ሰፈር ስታቢላይዘር የግድ ነው። መብራት ድንገት ቢጠፋ ካቆመበት ነጥብ መቀጠል የሚያስችለውን የሶፍትዌሩን ትዕዛዝ ቀድማችሁ ተለማመዱት። ከመቀጠላችሁ በፊት ግን መነሻ ነጥቡ አለመንቀሳቀሱን አረጋግጡ፤ ላሜራውን የነካው ሰው ካለ ቀሪው ቁርጥ ሁሉ ዘንበል ይላል።

ሥዕሉ

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። አብዛኛው ብክነት የሚጀምረው ኮምፒውተሩ ላይ ነው።

ፋይሉ ዲኤክስኤፍ (የመስመር ሥዕል የሚቀመጥበት የፋይል ዓይነት) ይሁን፤ መለኪያው ሚሊ ሜትር፣ ስኬሉ አንድ ለአንድ። ደንበኛ የላከው ሥዕል በኢንች ተሠርቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እንደከፈታችሁ አንድ የምታውቁትን ልክ ለኩ። የእኛ ፕሌት 120 ካላለ ያኔውኑ ይታረም።

ቀጥሎ ሁለት ነገር ፈትሹ። አንደኛው ያልተዘጋ መስመር ነው። ስክሪኑ ላይ የተገናኘ የሚመስል ማዕዘን ሲያጎሉት ትንሽ ክፍተት ይኖረዋል። ሶፍትዌሩ ያንን ክፍት መስመር አድርጎ ስለሚያየው ውስጥና ውጭውን አይለይም፤ ሌዘሩ እየቆረጠ የሚበላውን ስፋት ማካካስም አይችልም። ሁለተኛው የተደራረበ መስመር ነው። አንድ መስመር ሁለቴ ተስሎ ከሆነ ሌዘሩ የተቆረጠውን መልሶ ይቆርጠዋል። ጠርዙ ይቃጠላል፣ ጊዜም ይሄዳል። ሶፍትዌሮች ሁለቱንም ጥፋት በአንድ ትዕዛዝ ያጸዳሉ። ከማጽዳቱ በኋላ ግን በዓይናችሁ እዩት።

የቀዳዳው ልክ ላይ ጠይቁ። ለኤም 12 ቡሎን 12 ሚሊ ቀዳዳ የሚስል ሰው ብዙ ነው። ቡሎኑ አይገባም። የተለመደው፣ ለቡሎኑ መካከለኛ ክፍተት የሚተው ቀዳዳ 13.5 ሚሊ ነው፤ ጠበቅ ያለ ከተፈለገ 13። የቀዳዳው ስፋት ከላሜራው ውፍረት ባያንስ ይመረጣል። በ6 ሚሊ ላሜራ ላይ 13.5 ምንም አያስቸግርም። 4 ሚሊ ቀዳዳ ከተጠየቃችሁ ግን ነጥቡን ብቻ በሌዘር ምልክት አድርጋችሁ በመሰርሰሪያ ብትበሱት ይሻላል።

የበር ዲዛይን ለምትሠሩ አንድ ነገር ላክል። አሁን አሁን በሩ ላይ ጽሑፍ እንዲቀረጽ የሚፈልግ ደንበኛ በዝቷል። የእኛ ፊደል ደግሞ ክብ ይወዳል። «ሰላም» ብላችሁ ብታስቆርጡ የ«ም» ሁለት ክቦች መሃላቸው ወድቆ ሁለት ቀዳዳ ብቻ ይቀራል። «ወ»፣ «ዐ» እና «ቀ»ም እንዲሁ ናቸው። መፍትሔው በእያንዳንዱ ክብ ላይ መሃሉን ከውጩ ጋር የሚያያይዝ ድልድይ መተው ነው። ለ2 ሚሊ ላሜራ የድልድዩ ስፋት 3 ሚሊ ገደማ ቢሆን አይጣመምም። ድልድዩን ሁሉም ፊደል ላይ በአንድ አቅጣጫ አድርጉት፤ ሆን ተብሎ የተሠራ ይመስላል፣ በዚያውም ያምራል።

ላሜራ ላይ መደርደር

በ1 በ2 ሜትር ላሜራ ላይ በፕሌቶቹ መካከል 8 ሚሊ ብንተው 7 በ15፣ ማለትም 105 ይገባል። የእኛ 60 ስለሆነ ቦታው ይተርፋል። ክፍተቱን ወደ 3 ሚሊ አጥብባችሁ ስምንተኛ ረድፍ ለመጨመር ልትፈተኑ ትችላላችሁ። በ6 ሚሊ ኦክስጅን ቁርጥ ላይ አትሞክሩት። መሃሉ ላይ የሚቀረው ቀጭን ብረት ይሞቃል፣ ይነሳል፣ ኖዝሉን ይመታል። ክፍተቱ ከውፍረቱ ባያንስ ነው የሚሻለው።

የአቆራረጥ ቅደም ተከተሉ ቀላል ነው፦ መጀመሪያ ቀዳዳዎቹ፣ ቀጥሎ የውጩ መስመር። ውጩ ቀድሞ ከተቆረጠ ፕሌቱ ሊንሸራተት ይችላል፤ ያኔ ቀዳዳዎቹ ቦታቸውን ይስታሉ። ጎን ለጎን ያሉትን በተከታታይ ከመቁረጥ ዘለል ዘለል እያላችሁ ሂዱ፤ ሙቀቱ አንድ ቦታ አይከማችም። ትንንሽ ዕቃ ሲሆን ከላሜራው ጋር በግማሽ ሚሊ ገደማ ተያይዞ እንዲቀር አድርጉ፤ በኋላ በእጅ ይሰበራል። ከሥር ባሉት መደገፊያ ጥርሶች መካከል ተዘቅዝቆ የቆመ ትንሽ ቁራጭ ስንት ጭንቅላት ሰብሯል።

ሌዘሩ ብረቱን የሚበሳበት ነጥብ ከመስመሩ ውጭ ይሁን። እዚያ ላይ ትንሽ ጠባሳ ስለሚቀር ዕቃው ላይ መታየት የለበትም። ለውጩ መስመር መግቢያው ከፕሌቱ ውጭ፣ ለቀዳዳው ደግሞ ከሚወድቀው ክብ መሃል ይጀምራል።

ላሜራው ራሱ

ዝገት፣ ቀለም፣ ዘይትና የተላጠ ቅርፊት ቁርጥ ያበላሻሉ። ጥቁር ላሜራ ላይ ያለው ሰማያዊ ቅርፊት እኩል ከሆነ ችግር የለውም። ቦታ ቦታ ላይ ከተነሳ ግን እዚያ ላይ ቁርጡ ይዘላል። በብሩሽና በጨርቅ ጥረጉት። ስቴንለስ ላይ የሚለጠፈው ፕላስቲክ ለሌዘር የተሠራ ከሆነ ወደ ላይ አድርጋችሁ መቁረጥ ትችላላችሁ። እየተነፋ የሚያስቸግር ከሆነ መስመሩን በዝቅተኛ ፓወር አንዴ አቃጥላችሁ ከዚያ ቁረጡ። ፒቪሲ ከሆነ ግን ልጣችሁ ጣሉት። ጭሱ ሳንባንም ማሽኑንም ይበላል።

ጋዙ

ሌዘር ላይ ገንዘብ የሚያልቀው እዚህ ነው።

ኦክስጅን ብረቱን ያቃጥለዋል። ሌዘሩ ብረቱን ያግለዋል፣ ኦክስጅኑ ያነደዋል፣ ከሚነደው ብረት የሚወጣው ሙቀት ደግሞ ለቁርጡ ትልቅ ድርሻ ያዋጣል። ነገሩ ከጥንት ጀምሮ የመጣ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1967 ፒተር ሃውልድክሮፍት የተባለ ተመራማሪ በእንግሊዙ የብየዳ ኢንስቲትዩት ውስጥ 300 ዋት በሆነች የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር 1 ሚሊ ብረት የቆረጠው ኦክስጅን አብሮ ስለነፋ ነው። በዚያ አቅም ሌዘሩ ብቻውን የትም አይደርስም ነበር። ኦክስጅን የሚያገለግለው ለተራ ብረት ነው፤ ግፊቱም ዝቅተኛ ነው። ለ6 ሚሊ ከ1 ባር በታች ይበቃዋል።

ናይትሮጅን አያቃጥልም። የቀለጠውን ብረት በኃይል ገፍቶ ያስወጣዋል። ስለዚህ ከ10 እስከ 20 ባር ግፊት ይፈልጋል። ጠርዙ ነጭና ንጹሕ ይወጣል። ለስቴንለስና ለአሉሚኒየም የሚመረጠው ለዚህ ነው።

አሁን ስሌቱን እንየው። 50 ሊትር ሲሊንደር በ150 ባር ሲሞላ ወደ 7.5 ሜትር ኩብ ጋዝ ይይዛል። በ2 ሚሊ ኖዝል፣ በ15 ባር ናይትሮጅን ስትቆርጡ በደቂቃ 0.6 ሜትር ኩብ አካባቢ ይወጣል። ሲሊንደሩ በ12 ደቂቃ ገደማ ባዶ ነው። በ1.2 ሚሊ ኖዝልና በ0.7 ባር ኦክስጅን ስትቆርጡ ግን በሰዓት 1.3 ሜትር ኩብ ገደማ ነው የሚሄደው፤ ያው ሲሊንደር ከአምስት ሰዓት በላይ ይቆያል።

ይህን በእኛ ሥራ ላይ አውርዱት። የአንዱ ፕሌት ዙሪያና ቀዳዳዎች ሲደመሩ 65 ሳንቲ ሜትር ያህል መስመር ነው። ለ60ው 39 ሜትር። በደቂቃ 2.5 ሜትር ብንሄድ ንጹሕ የመቁረጫ ጊዜው 16 ደቂቃ ገደማ ነው። በኦክስጅን ከሲሊንደሩ ላይ የሄደው አይታወቅም። በናይትሮጅን ብንሄድ አንዱን ጨርሰን ሁለተኛውን ጀምረናል። ደንበኛው የነጭ ጠርዝ ዋጋ ካልከፈለ ትርፉን ውሃ በላው ማለት ነው። ለሃንድሬል ፕሌት ኦክስጅን ይበቃል።

ሦስተኛው አማራጭ የታመቀ አየር ነው። ለቀጭን ላሜራ በጣም አዋጭ ነው። አየሩ ግን ደረቅና ከዘይት የጸዳ መሆን አለበት፤ ማድረቂያና ማጣሪያ የሌለው ኮምፕሬሰር ሌንስ ይገድላል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የሚረሳ ነገር አለ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ትላለች፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ አካባቢ ነው። ኮምፕሬሰሩ በእያንዳንዱ ዙር የሚስበው አየር ያንን ያህል ሳሳ ያለ ነው። ካታሎጉ ላይ የተጻፈውን አምናችሁ ልኩን ብቻ ከገዛችሁ ሥራ መሃል ግፊቱ ይወርድባችኋል። ከፍ ያለውን ግዙ።

ኖዝልና ፎከስ

ለኦክስጅን ድርብ ኖዝል (ሁለት ሽፋን ያለው)፣ ለናይትሮጅንና ለአየር ነጠላ። ለእኛ ሥራ 1.2 ሚሊ ድርብ ኖዝል እንግጠም። አፉን በብርሃን አይታችሁ ክብ መሆኑን አረጋግጡ። የተላጠ ወይም ፍንጣሪ የለጠፈ ኖዝል ጋዙን ወደ አንድ ጎን ይገፋዋል።

ቀጥሎ ጨረሩ ከኖዝሉ መሃል መውጣቱን ፈትሹ። አሠራሩ ይህ ነው፦ የኖዝሉን አፍ በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑ። በጣም ዝቅተኛ በሆነ ፓወር አንዴ ብቻ ለቅጽበት ተኩሱ። ፕላስተሩን አንስታችሁ እዩት። የኖዝሉ ክብ አሻራ ይታያል፤ የተቃጠለችው ነጥብ ከመሃሉ ላይ ካልሆነች በጭንቅላቱ ጎን ባሉት ብሎኖች ትንሽ ትንሽ እያዞራችሁ ወደ መሃል አምጧት። ኖዝል በተቀየረ ቁጥር ይህን አድርጉ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ፎከሱ ዜሮ የት እንደሆነ ለማግኘት ቁርጥራጭ ላሜራ ላይ ፎከሱን በአንድ ሚሊ እየቀየራችሁ ጎን ለጎን አጫጭር መስመሮችን ቁረጡ። ከሁሉ የጠበበው መስመር ዜሮው ነው። ከዚያ ሕጉ ቀላል ነው። ጥቁር ብረት በኦክስጅን ሲቆረጥ ፎከሱ ከላሜራው ገጽ በላይ ይሆናል፤ መስመሩ ትንሽ ሰፍቶ ኦክስጅኑ ወደ ታች እንዲወርድ። ስቴንለስ በናይትሮጅን ሲቆረጥ ደግሞ ፎከሱ ወደ ላሜራው ውስጥ ይገባል። ፕላስና ማይነሱ በየሶፍትዌሩ ሊገለበጥ ስለሚችል የማሽናችሁን ማኑዋል አንዴ እዩ።

ለ6 ሚሊ በ3 ኪሎዋት የምጀምርበት ነጥብ ይህ ነው፦ ኦክስጅን 0.6 ወይም 0.7 ባር፣ ኖዝሉ ከላሜራው 0.8 እስከ 1 ሚሊ ርቀት፣ ፎከስ ከገጹ በላይ 3 ሚሊ ገደማ፣ ፍጥነት በደቂቃ 2.5 ሜትር አካባቢ። ማሽኑ ጋር የመጣው ሠንጠረዥ ከዚህ ከተለየ ሠንጠረዡን እመኑ።

የሙከራ ካሬ

ላሜራው ጥግ ላይ 50 በ50 ሚሊ ካሬ ቁረጡ። የማካካሻውን ልክ ዜሮ አድርጉ። ሲቀዘቅዝ በካሊፐር ለኩት። 49.7 ሆነ እንበል። ሌዘሩ የበላው ስፋት 0.3 ሚሊ ነው ማለት ነው፤ ከእያንዳንዱ ጎን ግማሹን ስለወሰደ። ሶፍትዌሩ የመስመሩን ሙሉ ስፋት የሚጠይቅ ከሆነ 0.3፣ ግማሹን የሚጠይቅ ከሆነ 0.15 አስገቡ። የውጩ መስመር ወደ ውጭ፣ ቀዳዳው ወደ ውስጥ መገፋቱንም እዩ። ይህ ሲገለበጥ ፕሌቱ ይጠብና ቀዳዳው ይሰፋል። ሰው «ማሽኑ ልክ አይጠብቅም» የሚለው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

ጠርዙን ማንበብ

ካሬውን ከመጣላችሁ በፊት ወደ መብራት አዙሩት። ጠርዙ ላይ ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ ቀጫጭን መስመሮች ታያላችሁ። የማበጠሪያ ጥርስ ይመስላሉ። እነሱን ማንበብ የቻለ ሰው ግምት አያስፈልገውም።

መስመሮቹ ቀጥ ብለው ከወረዱ ፍጥነቱ ተስማምቶታል። ከታች በኩል ወደ ኋላ ከታጠፉ ሌዘሩ ቸኩሏል፤ ከላይ ያለው ቁርጥ ከታች ካለው ቀድሞታል። ፍጥነቱን በአሥር በመቶ ገደማ ቀንሱ። የላይኛው ጠርዝ ተቃጥሎ ከተጠጋጋ፣ ጠርዙም እንደ ተበላ ጎድጎድ ካለ ነገሩ ተቃራኒ ነው። ወይ ቀስ ብሏል፣ ወይ ኦክስጅኑ በዝቷል። እዚህ ላይ መጀመሪያ ግፊቱን በ0.1 ባር ዝቅ አድርጉ። ብዙ ሰው ኦክስጅን ሲጨምር የሚሻሻል ይመስለዋል፤ በወፍራም ብረት ላይ ግን የበዛ ኦክስጅን ብረቱን ከመስመሩ ውጭ ይበላዋል።

ከሥር የሚንጠለጠለውን ስላግም (ቀልጦ የረጋውን ብረት) እዩ። በጣት ስትነኩት የሚረግፍ ክብ ክብ ጠብታ ከሆነ ፍጥነቱ በዝቷል ወይም ፎከሱ ትንሽ ተዛንፏል። በመዶሻ ካልሆነ የማይለቅ፣ ተያይዞ የተዘረጋ ከሆነ ፎከሱ ቦታውን ስቷል፣ ወይም ጋዙ አልገፋም። ስቴንለስ በናይትሮጅን ስትቆርጡ ከሥሩ እንደ መርፌ የሾለ ጠንካራ ጥፍር ካበቀለ ፎከሱን ወደ ታች አስገቡት፤ ካልሆነ ግፊቱን ጨምሩ። የስቴንለሱ ጠርዝ ቢጫ ካለ ናይትሮጅኑ ንጹሕ አይደለም ወይም ቱቦው ውስጥ አየር ቀርቷል።

ከሁሉ የሚያታልለው በአንድ ጎን ብቻ የሚታይ ጥፋት ነው። ካሬው ሦስት ጎኑ ጥሩ፣ አራተኛው የተበላሸ ከሆነ ፍጥነትም ፓወርም አትንኩ። ኖዝሉ መሃሉን ስቷል ወይም አፉ ተጎድቷል። የፕላስተሩን ሙከራ ድገሙት።

ቁርጡ እየሄደ እያለም ፍንጣሪው ይናገራል። ካቢኑ መስኮት ወይም ካሜራ ካለው በዚያ እዩት። ከላሜራው ሥር ቀጥ ብሎ ከወረደ ጥሩ ነው። ወደ ኋላ ከተጋደመ ፍጥነት ቀንሱ። ሳይበተን ተጠቅልሎ ከወረደ ጨምሩ። ወደ ላይ ከተረጨ ግን ወዲያው አቁሙ። ብረቱ አልተበሳም፤ ፍንጣሪው ወደ ኖዝሉና ወደ ሌንሱ እየተመለሰ ነው።

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ሁለቱን አንድ ላይ ቀይራችሁ ቢስተካከል የትኛው እንዳስተካከለው አታውቁም፤ ነገ ሲመለስ ደግማችሁ ከዜሮ ትጀምራላችሁ። ይህ ሁሉ ተሞክሮ አልሆን ካለ ያኔ ፓወሩን ንኩ።

ቀዳዳና ማዕዘን

ጭንቅላቱ ማዕዘን ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ፓወሩ እንዳለ ከሄደ ማዕዘኑ ይቃጠላል። ስለዚህ ፓወሩ ከፍጥነቱ ጋር አብሮ እንዲወርድ የሚያደርገውን የሶፍትዌር ኩርባ አብሩት። ለእኛ ፕሌት ማዕዘኑን 2 ሚሊ ማጠጋጋት ከተፈቀደ ችግሩ እዳው ገብስ ነው፤ ማንም ሃንድሬል ሥር የሾለ ማዕዘን አይፈልግም።

ቀዳዳው ከውጩ መስመር ቀስ ብሎ ይቆረጥ። ክብ መሆኑን ስትለኩ ከላይም ከታችም ለኩ። ከላይ 13.5፣ ከታች 13.1 ከሆነ ቀዳዳው ወደ ታች ጠቧል፤ ፍጥነቱን ቀንሱለት። ከገዢ ጋር ጠርዙ ምን ያህል ቀጥ ማለት እንዳለበት ክርክር ከተነሳ አይሶ 9013 የሚባለው መለኪያ አለ። የጠርዙን ቀጥታነትና ሸካራነት በደረጃ ይከፍላል። ትልቅ ትዕዛዝ ስትቀበሉ የትኛው ደረጃ እንደሚፈለግ ቀድማችሁ በጽሑፍ ያዙ።

መዳብና ነሐስ የሚቆርጥ ሰው ሌላ ጥንቃቄ አለበት። ጨረሩን ወደ ምንጩ መልሰው ሊወረውሩት ይችላሉ። ማሽኑ መከላከያ እንዳለው ከአምራቹ ሳታረጋግጡ አትጀምሩ።

ጠዋት ጥሩ፣ ከሰዓት መጥፎ

ጠዋት ያማረ ቁርጥ ምንም ሳይነካ ከሰዓት ከተበላሸ መጀመሪያ መከላከያ መስታወቱን (ሌንሱን ከፍንጣሪ የሚጠብቀውን) አውጡና እዩ። ጥቁር ነጥብ ካለበት ያቺ ነጥብ ሙቀት ትስባለች፣ መስታወቱ ይግላል፣ ፎከሱም ይሸሻል። አወጣጡ ላይ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ማራገቢያ ይጥፋ፣ አጠገባችሁ ግራይንደር አይሥራ፣ እጃችሁ ይታጠብ። መስታወቱ እንደወጣ ክፍተቱን ወዲያው በፕላስተር ሸፍኑት፤ አንዲት አቧራ ወደ ውስጠኛው ሌንስ ከገባች ዋጋው ሌላ ነው። በአይሶፕሮፒል አልኮልና ክር በማይተው ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር ጥረጉ። ነጥቧ ካልለቀቀች ቀይሩት። በሸሚዝ ጫፍ የሚጠርግ ካያችሁ እጁን ያዙት።

ሌላው ቺለሩ (ሌዘሩን በውሃ የሚያቀዘቅዘው መሣሪያ) ነው። ውሃው የተጣራ ይሁን፤ የቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ማዕድን ቧንቧዎቹን ይደፍናል። ክረምት ላይ አየሩ ሲረጥብ ውሃውን በጣም አታቀዝቅዙ። ከአየሩ የጤዛ ነጥብ በታች ከወረደ ሌዘር ምንጩና ሌንሱ ላይ ጠል ይቋጠራል። የአምራቹን የክረምትና የበጋ ልክ ተከተሉ።

ከማሽን ከወረደ በኋላ

ፕሌቶቹ ሲቀዘቅዙ ከሥር ያለውን ስላግ በመፋቂያ አራግፉ። የጠርዙን ስለት በሞረድ ወይም በግራይንደር ንኩት፤ ወዛደሩ እጁን እንዳይቆርጥ። ከዚያ የሚረሳው ነገር ይመጣል። በኦክስጅን የተቆረጠ ጠርዝ ላይ ስስ ግራጫ ኦክሳይድ ይቀራል። ቀለሙ ከዚያ ቅርፊት ጋር እንጂ ከብረቱ ጋር አይያያዝም። ደጅ የተተከለ ሃንድሬል እግሩ አካባቢ ቀለሙ ከጠርዙ ጀምሮ ሲላጥ ያያችሁት ከሆነ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ስለዚህ ወደ ቀለም ወይም ወደ ፓውደር ኮት ከመሄዱ በፊት ጠርዙ ብረቱ እስኪያበራ ይፋቅ። ለብየዳም ይጠቅማል፤ ኦክሳይዱ ብየዳው ውስጥ ቀዳዳ ያበዛል። ይህን የጉልበት ዋጋ ከናይትሮጅኑ ዋጋ ጋር አወዳድሩት። 60 ፕሌት ላይ መፋቁ ይረክሳል። ከሺህ በላይ ሲሆን፣ በተለይ ላሜራው ቀጭን ከሆነ፣ አየር ወይም ናይትሮጅን ሊያሸንፍ ይችላል።

የመጨረሻዎቹን ቁጥሮች ማሽኑ ጎን በተንጠለጠለ ደብተር ላይ ጻፉ፦ የላሜራው ውፍረትና የተገዛበት ቦታ፣ ጋዝ፣ ግፊት፣ ኖዝል፣ ፎከስ፣ ፍጥነት፣ የተገኘው የመስመር ስፋት። የሙከራውን ካሬ በማርከር ቀን ጽፋችሁበት ከደብተሩ ጋር በሽቦ እሰሩት። ሌላ ኦፕሬተር ሲረከብ ከቁጥሩ ይልቅ ካሬውን መጀመሪያ ያያል።